ተሳቢያችንም ጉልቻ ናት

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ፣ በተሳቢ ሻይ ቤቷ በየተራ የምንሠራ አባላት ያቀረብነው ንግግር)

ቡናው እስኪፈላ ድረስ እንድንናገር ጊዜ ስለሰጣችሁን እናመሰግናለን። እኛ አምስታችን እንደምታውቁን በንግግር የምንታወቅ ሰዎች አይደለንም። በሻይና በዳቦ ነው የምትለዩን። ዛሬ ግን ክረምቱ ሳይገባ ልንነግራችሁ የሚገባ ነገር ስላለ፣ ተራ በተራ ከመናገር ብለን ሐሳባችንን በአንድ ወረቀት ጽፈን መጥተናል።

የምንናገረው ስለ አንድ ቀላል ስለሚመስል ነገር ነው። ተዳፋት መሬት ላይ ተሳቢን እንዴት አስተካክሎ ማቆም እንደሚቻል። «ይህ ደግሞ ስብሰባ ይጠራበታል ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ባለፈው ነሐሴ ይህ ቀላል ነገር ከመካከላችን አንዷን አቃጥሏታል። ማኅበራችንንም ለሁለት ሊከፍለው ምንም አልቀረውም ነበር። ስለዚህ ታሪኩን ከነስህተታችን እንነግራችኋለን።

ተሳቢዋን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። በየሳምንቱ ካስቀመጥነው ቁጠባ አሮጌ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ገዛን። ብረት ሠራተኛው በላይዋ የቆርቆሮ ቤት ሠራላት፣ በአንድ ጎኗ መስኮት ከፈተላት፣ ውስጧ መደርደሪያና የጋዝ ምድጃ ገባላት። ከፊት በእጅ የሚዞር ክሪክ አላት። ብረት ሠራተኛው ደግሞ ከራሱ አሳብ አራት ማዕዘኗ ላይ አራት ቀጫጭን ተዘርጊ እግሮች በየደላት። «እነዚህ እንዳትነቃነቅ ይይዟታል» ብሎን ነበር። እንዳትነቃነቅ አለ እንጂ ይሸከሟታል አላለም። ያን ጊዜ ልዩነቱ አልገባንም።

በገበያ ቀን፣ በሠርግ፣ በክብረ በዓል መኪና እየተከራየን ወስደን እናቆማታለን። አገራችንን ታውቋታላችሁ። ደብረ ታቦር ላይ ሜዳ የሚባለው ነገር ከሌላው ዳገት ትንሽ የሚሻል ዳገት ነው። ወደ ጉና ብትወጡ፣ ወደ ፋርጣ ገጠር ብትዘልቁ፣ በጋይንት በኩል ነፋስ መውጫ ድረስ ብትሄዱ መሬቱ ወይ ወደ ላይ ነው ወይ ወደ ታች። እኛም ተወልደን ያደግነው በዚሁ ስለሆነ ዓይናችን ተዳፋቱን ለምዶታል። የተንጋደደውን ቀጥ ብሎ ያሳየናል።

ነሐሴ 13 ቀን የሆነውን እንንገራችሁ። ቡሄ ለከተማችን ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ስሟን ከዚያው ከደብረ ታቦር ያገኘች ከተማ ናት። በዋዜማው ሙልሙሉን ጋግረን አድረን፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አንግቶ፣ ጠዋት ተሳቢዋን ሰው ወደሚበዛበት ቦታ ወሰድናት። ዘግይተን ስለነበር ሁላችንም ተጣድፈናል። ሾፌሩ ሌላ ጭነት ይጠብቀዋል። መሬቱ ያዘመመ መሆኑን ከመካከላችን አንዷ አይታ ተናግራ ነበር። ሾፌሩ ግን «አይዟችሁ፣ የኔ ዓይን ውሃ ልክ ነው» ብሎ ሳቀ። እኛም ሳቅን። ከዚያ ፈትቶልን ሄደ።

እኛ ደግሞ ምን አደረግን? በዝቅተኛው ወገን ያሉትን ሁለት እግሮች አውርደን፣ መሬት አልደርስ ሲሉን ከወንዝ የመጣ ክብ ድንጋይ ከሥራቸው ከተትን። እግሮቹን እስኪጨርሱ ድረስ ስናዞር ተሳቢዋ ቀና አለች። ደስ አለን። በጎማዎቹ ሥር ግን ምንም አላስገባንም። ምድጃው ተለኮሰ፣ ትልቁ ድስት ውሃ ተጣደ፣ ሰው መጣ።

ከረፋዱ ላይ እንደገና ዘነበ። ከላይ የሚወርደው ጎርፍ በተሳቢዋ ሥር አለፈ። አፈሩ ራሰ፣ አንደኛው ክብ ድንጋይ ከእግሩ ሥር ተንሸራትቶ ወጣ። ተሳቢዋ አንድ ስንዝር ያህል በአንድ ጎን ወደቀች። አንድ ስንዝር ብቻ ነው። ነገር ግን የፈላ ድስት አንድ ስንዝር አይችልም። ውሃው በእህታችን ክንድና ጭን ላይ ተገለበጠ።

ስሟን እንዳናነሳ ስለጠየቀችን አናነሳም። እሷ ዛሬ እዚህ ከመካከላችሁ ተቀምጣለች። ያን ቀን ግን አንዱ የጥርስ ሳሙና፣ አንዷ ቅቤ፣ ሌላው ሊጥ ይዞ ሲሮጥ፣ እኛም ግራ ተጋብተን ቆመን ነበር። ያዳናት አንዲት የማናውቃት ወጣት ናት። «ምንም እንዳትቀቡ! ውሃ! ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ!» ብላ ጮኸች። ቀለበትና አምባሯን ወዲያው አስወለቀቻት፣ ከበርሜሉ እየቀዳን 20 ደቂቃ ያህል ሳናቋርጥ እንድናፈስባት አደረገችን። ከዚያ በንጹሕ ነጠላ ላላ አድርገን ሸፍነን ወደ ሐኪም ወሰድናት። ሐኪሙም ውሃው ጥሩ እንደሠራ ነገረን። ሌላ ምንም ባትይዙ ይህንን ከዛሬው ንግግር ይዛችሁ ሂዱ። ለቃጠሎ ቅቤም፣ የጥርስ ሳሙናም፣ ሊጥም አይደለም። ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ነው፤ ብዙ ደቂቃ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ታስታውሳላችሁ። ለሦስት ስብሰባ ስንጨቃጨቅ ከረምን። «ተሳቢዋ ትሸጥ» ያላችሁ ነበራችሁ። ልክ ነበራችሁ፤ ሰው አቃጥላለችና። «ጥፋቱ የሾፌሩ ነው» ያልንም ነበርን። «ጥፋቱ የእናንተ ነው» ያላችሁንም ነበራችሁ። ይህ የመጨረሻው ነው ያሳመመን፤ እውነት ስለነበረበት። የተቃጠለችው እህታችን ለወር ያህል ሥራ ስትፈታ የሕክምናዋን ወጪ ከየትኛው ገንዘብ እንክፈል ብለን መከራከራችን ራሱ እስከ ዛሬ ያሳፍረናል።

ነገሩን የፈቱልን እዚያ ጥግ ላይ የተቀመጡት እናታችን ናቸው። በሦስተኛው ስብሰባ ሁላችንም ስንጮህ ቆይተን ዝም ስንል እንዲህ ብለው ጠየቁን።

«እናንተ ልጆች፣ ምጣዱ ያዘመመ እንደሆነ እንጀራው ምን ይሆናል?»

«ባንድ ወገን ይወፍራል፣ በሌላው ወገን ይሳሳል፤ እማማ» አልናቸው።

«ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ጉልቻውን እናስተካክላለን።»

«መቼ? ሊጡን ካፈሰሳችሁ በኋላ ነው?»

ማንም አልመለሰም።

ያን ቀን ማታ እኛ አምስታችን ተሳቢዋ የቆመችበት ግቢ ሄደን ዞር ዞር ብለን አየናት። ሁለት ጎማ አላት። ከፊት አንድ ክሪክ አላት። ሦስት ናቸው። ጉልቻም ሦስት ነው። ሦስት ነገር በየትኛውም መሬት ላይ ቢቀመጥ ሦስቱም መሬት ይነካሉ፤ አይወዛወዝም። አራት ሲሆን ግን አንዱ ይንጠለጠላል። አራት እግር ያለው በርጩማ ከእግሩ ሥር ወረቀት አጥፋችሁ የምትከቱለት ለዚህ ነው። ተሳቢዋ የምትቆመው በሁለቱ ጎማዎችና በፊተኛው ክሪክ ነው። ብረት ሠራተኛው የበየዳቸው አራት እግሮች ጉልቻ አይደሉም። ሰው ሲገባና ሲወጣ እንዳትነቃነቅ ደገፍ የሚያደርጉ ናቸው። እኛ ግን ጉልቻውን ትተን በመደገፊያው ላይ ነበር የጣድናት።

ተረቱ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይላል። እውነት ነው፣ አያጣፍጥም። ጉልቻው ከተንጋደደ ግን ወጡን ይደፋዋል።

ከዚያ መማር ጀመርን። ከአባሎቻችን የአንዷ ልጅ አሜሪካ ነው የምትኖረው። በስልክ ስንነግራት ሳቀችና «እዚህኮ ሰዎች በመኪና ኋላ የሚጎተት መኝታ ቤት ይዘው በየጫካው ያድራሉ፤ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚሠሩት እሱን ነው» አለችን። በጋዝ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ያላቸው ደግሞ የግድ ማስተካከል አለባቸው። ውስጡ ያለው ፈሳሽ የሚዘዋወረው በሞተር ሳይሆን ከላይ ወደ ታች በራሱ እየወረደ ስለሆነ፣ ቤቱ ካዘመመ ማቀዝቀዣው ይበላሻል። ቅደም ተከተሉንም ነገረችን። መጀመሪያ ግራና ቀኝ፣ ከዚያ ጎማ መቆለፍ፣ ከዚያ ከመኪናው መፍታት፣ ከዚያ ፊትና ኋላ፣ መጨረሻ ላይ እግሮቹ። እነዚያ ቀጫጭን እግሮች ቤት ማንሻ እንዳልሆኑ እሷም ደጋግማ ነገረችን።

ግራና ቀኙን በዓይን አናምንም፤ በውሃ ነው። ከመካከላችን አንዷ ብዙ ዓመት በቀን ሥራ ግንባታ ላይ ሠርታለች። ግንበኛው «ቱቦውን ያዥልኝ» ሲላት ጫፉን ይዛ ስትቆም የኖረች ሴት ናት። የሚያሳይ ቀጭን ቱቦ ውሃ ሞልታችሁ፣ የአየር አረፋ እንዳይኖርበት አድርጋችሁ ሁለቱን ጫፎች ከፍ አድርጋችሁ ብትይዙ፣ መሬቱ ምንም ቢሆን ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። በተሳቢዋ ግራና ቀኝ ጎን ከወለሏ እኩል ከፍታ ላይ ቀይ መስመር ቀባን። ውሃው በሁለቱም መስመር ላይ ከቆመ ቀጥ ብላለች። በአንዱ ወገን ከመስመሩ በላይ ከሆነ ያ ወገን ዝቅ ብሏል ማለት ነው።

አሁን የግንበኛ ውሃ ልክም ገዝተናል። ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ወለሉ ላይ በአግድም እናስቀምጠውና አረፋው መካከል እስኪገባ ድረስ ዝቅ ያለውን ጫፍ በእንጨት ቁራጭ ከፍ እናደርገዋለን። 3 ሳንቲ ሜትር ካስፈለገን፣ ከጎማ እስከ ጎማ ያለው 180 ሳንቲ ሜትር የ60 ሦስት እጥፍ ስለሆነ፣ ጎማው 9 ሳንቲ ሜትር መነሳት አለበት። ይህንን ሒሳብ አሁን አምስታችንም በቃላችን እንሠራዋለን። ትምህርት ቤት ያልሄደችው እንዲያውም ትቀድመናለች።

ዝቅ ባለው ጎማ ሥር የምናስገባው ወፍራም ጣውላ ነው። ከታች ረጅሙ፣ በላዩ አጠር ያለው፣ ከላይ ትንሹ፣ እንደ ደረጃ። መኪናው ቀስ ብሎ ይጎትታትና ጎማው እየወጣ ይቀመጥበታል። የጎማው ሥር በሙሉ ጣውላው ላይ ማረፍ አለበት። ክብ ድንጋይ አንጠቀምም፤ ምን እንዳደረገን አይተናል። ባዶ ሆድ ብሎኬትም አንጠቀምም፤ ክብደት ሲያርፍበት ሳይታሰብ ይሰበራል። በዚህ ጊዜ ከተሳቢዋ በታች፣ በቁልቁለቱ በኩል ማንም ሰው አይቆምም። ልጆችም ካሉ እናርቃለን።

ከዚያ ታኮ ነው። ለሁለቱም ጎማ፣ ከፊትም ከኋላም። አራት ታኮ ሳይገባ ሾፌሩ እንዲፈታ አንፈቅድም፤ ቢቸኩልም አንፈቅድም። ከመኪናው የተፈታች ተሳቢ የሚይዛት ታኮው ብቻ ነው። ነፋስ መውጫ በኩል ስንሄድ ደግሞ ነፋሱም አለ፤ የቆርቆሮ ቤት እንደ ሸራ ነፋስ ይይዛል።

ከፈታናት በኋላ ፊትና ኋላውን በፊተኛው ክሪክ እናስተካክላለን። ይህ ቀላሉ ነው፤ ማዞር ብቻ ነው። ከክሪኩም ሥር ጠፍጣፋ ጣውላ እናስቀምጣለን፤ አለዚያ ጭቃው ይውጠዋል። ክሪኩ ፊትና ኋላን ስለሚያስተካክልልን፣ ቦታ ስንመርጥ ተዳፋቱ በተሳቢዋ ርዝመት እንዲሆን እንሞክራለን። ጣውላ መደርደሩ ይቀልልናል። ግን እንደዚያ ስትቆም የመንከባለል ፍላጎቷ ይበረታልና፣ ታኮውን ሁለት ጊዜ እናያለን።

መጨረሻ ላይ አራቱን እግሮች እናወርዳለን። መሬት ሲነኩ ትንሽ ጠበቅ አድርገን እንተዋቸዋለን። ተሳቢዋን ማንሳት ከጀመሩ አበዛነው ማለት ነው፤ እንመልሳቸዋለን።

በክረምት አንድ ሥራ ይጨመራል። ከተሳቢዋ በላይ በኩል በመቆፈሪያ ትንሽ ቦይ እንቆርጣለን፣ ጎርፉ በጎን እንዲያልፍ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ውሃ ልኩን እንደገና እናያለን። ጠዋት ቀጥ ያለ መሬት ቀትር ላይ ሊሰምጥ ይችላል። የጋዙ ሲሊንደርም ሁልጊዜ ቆሞ፣ በሰንሰለት ታስሮ ነው። ከተጋደመ ፈሳሹ ጋዝ ራሱ ወደ ምድጃው ሊሄድ ይችላልና አደገኛ ነው።

እሳቱ የሚለኮሰው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ሰው ተሰልፎ ቢጠብቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናንሳ። በዚህ አገር ጎማና ዳገት ሲታገሉ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ከከተማችን አጠገብ ጋፋት ላይ አፄ ቴዎድሮስ ያሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ 7 ቶን ያህል ይመዝናል ይባላል። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጎማ እየተጎተተ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርዶና ወጥቶ፣ መቅደላ ለመድረስ 5 ወር ያህል ፈጅቶበታል። እስከ ዛሬም እዚያው መቅደላ ይገኛል። ስለዚያ ጉዞ ሲነገር ሁሉም የሚያነሣው መድፉንና የጎተቱትን ወንዶች ነው። መድፉን ያሻገረው ግን መንገዱ ነው። ጎማው ሳያልፍ አስቀድሞ ድንጋዩ ተነሥቷል፣ ገደሉ ተቆርጧል፣ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር ይነገራል። በዚያ ዘመን ሠራዊት ሲንቀሳቀስ ሴቶች እህል እየፈጩ፣ እንጀራ እየጋገሩ አብረው ይጓዙ ነበር። በየሰፈሩበት ዳገት ጉልቻ እያስተካከሉ ነበር ማለት ነው። ያ ሁሉ ሰው የበላው በዚያ ጉልቻ ነው።

ከቡሄው አደጋ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣነው በመስቀል ሰሞን ነበር። ለማቆም ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን። ውሃ ልኩን የያዘችው እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሻይ ፈላጊው «ሴቶቹ ቤት እየሠሩ ነው እንዴ?» እያለ ሳቀብን። በጥምቀት ጊዜ 40 ደቂቃ ሆነ። አሁን 25 ደቂቃ ይበቃናል። በዚህ ምክንያት ጠዋት ቀድሞ የሚጠጣው ደንበኛ ወደ ሌላ ይሄድብናል፤ ይህንን አንደብቃችሁም። ገቢያችን ከበፊቱ ትንሽ ቀንሷል። መዝገቡን ገንዘብ ያዧ ታሳያችኋለች።

እህታችን በጥምቀት ተመለሰች። ማንም ና አላላትም፣ ማንም አትምጪም አላላትም። ጣውላው ተደርድሮ፣ ታኮው ገብቶ ሲያልቅ ውሃ ልኩን ከእጃችን ተቀብላ ራሷ አራት ቦታ ላይ አስቀመጠችው። አረፋው መካከል ላይ መሆኑን አየች። አጎንብሳ ታኮዎቹን አንድ በአንድ በእግሯ መታ መታ አደረገቻቸው። ከዚያ ክብሪቱን ጠየቀችን። እኛ ምንም አላልንም፤ ሰጠናት።

እንግዲህ ከእናንተ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ የምንጠቀምባቸው ጣውላዎች በዝናብ እየበሰበሱ ስለሆነ ከክረምቱ በፊት አዲስ ጣውላና አራት የብረት ታኮ እንዲገዛልን። ሁለተኛው፣ ከተሳቢዋ ገቢ በየወሩ ትንሽ ተቀንሶ በሥራ ላይ ለሚጎዳ አባል ሕክምና ብቻ እንዲቀመጥ፤ ሰው ታሞ እያለ ከየት እንክፈል ብለን ዳግም እንዳንከራከር። ሦስተኛው፣ ተሳቢዋ ላይ የምትሠራ ማንኛዋም አባል፣ አንድ ቀን ለመተካትም ቢሆን፣ ይህንን ማስተካከል ሳትማር እሳት እንዳትለኩስ። ማስተማሩን እኛ እንሠራለን። እሑድ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ እንገኛለን፤ ቱቦውንም ውሃ ልኩንም ይዘን።

«ትሸጥ» ላላችሁት እህቶቻችን ደግሞ የምንላችሁ አለን። ያኔ ተቀይመናችሁ ነበር፤ አሁን አይደለም። እናንተ ያልጮኻችሁ ቢሆን ኖሮ በመስከረም እንደገና ክብ ድንጋይ ከትተን እንወጣ ነበር። የሚመጣው ቡሄ ሲደርስ ከሁሉ በፊት መጥታችሁ ውሃ ልኩን ራሳችሁ እንድታዩልን እንፈልጋለን። ቀጥ ካላለች አትለኩሱ በሉን፤ እንሰማችኋለን።

ቡናው ፈልቷል መሰል።